ያልተፈታችው ቧንቧ

ሽማግሌው ሹር ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን መቀነስ አያውቁም። እህታቸው ብሪታ የምትኖረው ቮስ ከተማ ነው፤ በርገን ሆኖ ቮስ ያለን ሰው ለማናገር በመሃል ያሉትን ተራሮች ሁሉ በጩኸት መሻገር ያለባቸው ይመስላቸዋል። የልጃቸው ሚስት ዳግኒ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ለማድመጥ ብላ አልነበረም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ የትኛውም ጥግ ቢቆሙ የኩሽናው ወሬ ይሰማል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አሉ ሹር፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው በመስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዩ፣ «ልጁ እጁ ንጹሕ አልነበረም። የከተማ እጅ ነው የነበረው። እንግዲህ እኔው ነኝ የምጠምቅለት። ቢያንስ የመቃብሩ ቢራ ንጹሕ ይሁንለት።» ብሪታ በወዲያ በኩል አንድ ነገር አለች። «እሷማ ምን ታውቃለች» አሉ ሹር። «ባቡር ነጂ አይደለች እንዴ።»

ዳግኒ ተመልሳ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እሷን ባቡር ነጂ ማለታቸው ግድ አልሰጣትም፤ ናትና። ያንገበገባት «እጁ» ያሉት ነው። ባሏ ላይቭ ከሞተ ገና ሳምንት አልሞላውም። ማክሰኞ ጠዋት ወደብ ላይ፣ የመብራት መስመር ሊጠግን በገባበት መርከብ ውስጥ ልቡ ቆመ። የሥራ ጃኬቱ አሁንም በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ በኪሱ ውስጥ ያለውን የሽቦ መቁረጫ ዳግኒ አላወጣችውም። ሬሳው እንኳ ገና አልተሸኘም፤ አባቱ ሹር ግን ያቺኑ የድሮዋን ቃል አንስተው ለብሪታ ያቀብላሉ። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፣ ሁለተኛም ታጠበች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወጥታ «ደህና አደሩ፣ አባባ» አለች።

«ደህና ነኝ። ወደ ምድር ቤቱ ገና አልወረድንም እንዴ? እርሾው እየጠበቀን ነው።»

እርሾው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በሱፍ ካልሲ በተጠቀለለ የጃም ጠርሙስ ውስጥ። ትናንት በባቡር ሲመጡ ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ አላወጡትም። ሌላው ሻንጣ የሚጭንበት መደርደሪያ ላይ ደግሞ አንድ ጆንያ ሙሉ የጥድ ቅርንጫፍ ጭነው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ ሲያያቸው አንገታቸውን ሳይሰብሩ ከተማ ገብተዋል። በነሱ አገር ከቀብር በኋላ የሚበላው ማዕድ ስሙ ራሱ «የመቃብር ቢራ» ነው። ዛሬ ዛሬ ሰዉ ስሙን ይዞ ኬክና ሳንድዊች ያቀርባል፣ ቢራም ካስፈለገ ከሱቅ ይገዛል። የሹር ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። «ከኛ ቤት በሱቅ ቢራ የተሸኘ የለም» ብለው በስልክ ሲነግሯት ዳግኒ እሺ ያለችው ለወጉ ብላ አልነበረም። ቀብሩ ላይ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ቢራው ሲቀዳ ስለ ላይቭ ይወራል፣ ስለ ላይቭ ሲወራ ደግሞ ያቺ ቃል መነሳቷ አይቀርም። ባሏ ያቺን ቃል ተሸክሞ እንዳይቀበር ትፈልግ ነበር። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው አልነበረም። እንዴት አድርጋ እንደምታወርድለት ግን አታውቅም።

ያቺ ቃል የወጣችው በአንድ የገና ማዕድ ላይ ነው። ላይቭ እዚሁ ፎቅ ሥር፣ በጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የጠመቀውን ቢራ ይዞ አባቱ ቤት ሄደ። ሹር ቀመሱት፤ ኮምጥጧል። ብርጭቆውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ ሳህን ማጠቢያው ሄደው ደፉት፣ ቀጥለው የቀረውንም ማሰሮ ደፉት። «ይሄ ድዳ የጠመቀው ቢራ ነው» አሉ። «የከተማ እጅ ነው።» የአጎት ልጆች ሳቁ። ሳቃቸው ምክንያት ነበረው፦ በነሱ ዘንድ እርሾው ሲጨመር ጠማቂው ባለ በሌለ ድምፁ ይጮኻል። ጩኸቱ ለቢራው ጉልበት ይሰጠዋል፣ መቅረብ የሌለበትንም ነገር ያባርራል ይባላል። ላይቭ እዚህ አንድ ጊዜ ጮኾ ነበር። የሦስተኛ ፎቋ ጉንቮር ሰው የታረደ መስሏት በሌሊት ልብሷ እየበረረች ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ ላይቭ እርሾውን የሚጨምረው ትንፋሹን ውጦ ነበር። የቢራው መኮምጠጥም በዚሁ ተተረጎመ። ከዚያ ገና ወዲህ አባትና ልጅ በልደት ቀንና በአየር ሁኔታ ካልሆነ በቀር ብዙ አልተነጋገሩም።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሃሉ ላይ የውሃ መውረጃ። በሩ አጠገብ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ ተራ የያዘ ሰው በሚፈልገው ቀን ላይ የራሱን ትንሽ ጓጉንቸር ይሰቅላል። ለዛሬ፣ ለቅዳሜ የተሰቀለችው የላይቭ ነበረች። ሳይሞት በፊት፣ ለተራ ልብስ አጠባ የሰቀላት። ጎረቤቱ ሁሉ አይቷታል፣ ማንም አልነካትም። ዳግኒ ለቅጽበት እጇን ጓጉንቸሯ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ዕቃውን ከመጋዘን ታወጣ ጀመር፦ ትልቁን የኤሌክትሪክ ድስት፣ ብቅሉ የሚነከርበትን ገንዳ፣ ቱቦውን፣ ከፈላ በኋላ ቢራው የሚቀመጥበትን ነጭ በርሜል። በርሜሉ ሥር አንዲት የነሐስ ቧንቧ ተገጥማለች። ሹር አዩአት፣ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጓት። «የአባቴ ናት» አሉ። «ይቺ አለች፤ ደግ ነው።»

ጥዱን ቆርጠው ውሃ ውስጥ ከተው አፈሉት፣ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጫካ ጫካ ሸተተ። ሽማግሌው በዚያ ትኩስ የጥድ ውሃ ሁሉን ነገር ያለቀልቁት ጀመር፤ ገንዳውን፣ ማማሰያውን፣ ወለሉን ሳይቀር። «አባቴም አያቴም ከዚህ ሌላ መድኃኒት አያውቁም» አሉ። ዳግኒ ዝም ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አመጣች፣ በርሜሉን አጥባ ስታበቃ የበረኪናውን ጠርሙስ ከፈተች። የላይቭ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ማጠብ አንድ ነገር ነው፣ መግደል ሌላ ነገር ነው፣ ይላት ነበር፤ መጀመሪያ እጠቢ፣ ከዚያ ግደይ፣ እድፍ ሥር የተደበቀውን መድኃኒት አያገኘውም። በረኪናውን በብዙ ውሃ ታቀጥነዋለች፣ ዕቃው እዚያ ውስጥ ጥቂት ይቆያል፣ ቀጥሎ ሽታው እስኪጠፋ በፈላ ውሃ ታለቀልቀዋለች፤ ካልሆነ ቢራው ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል።

ሹር አፍንጫቸውን ያዙ። «ምንድን ነው ይሄ? ቢራ ልንጠምቅ ነው ወይስ ዋና ልንገባ?»

«ላይቭ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ አባባ።»

«ምን እንዳተረፈለት አይተናል።»

ዳግኒ ቀና ብላ አየቻቸው፣ መልሳም አጎነበሰች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነው። በሟች ቤት ሰባት ቀን ሳይሞላ ከአማት ጋር የተጣላች ሚስት ትክክል ብትሆን እንኳ ትክክል አትሆንም። ብሩሹን በርሜሉ ውስጥ አዙራ አዙራ ፈተገችው፤ ፕላስቲኩን እንዳትጭረው በቀስታ፣ ጭረት የጀርም መደበቂያ ነውና። ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው። ከገናው በኋላ ይህ ክፍል የላይቭ ጸሎት ቤት ሆኖ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ይወርዳል፣ የታጠበውን ዳግም ያጥባል፣ እጁ በበረኪና ተሰነጣጥቆ ራት ላይ ሹካ ሲይዝ ያመው ነበር። በርሜሉን ጣለና ሌላ ገዛ። ቱቦውን ጣለና ሌላ ገዛ። ጠመቀ፤ ቢራው እንደገና ኮመጠጠ። ለሰው ሳያቀምስ እዚሁ ወለል ላይ ወዳለው መውረጃ ደፋው፣ ከዚያ በኋላ አልጠመቀም።

ብቅሉ ተነክሮ ጣፋጩ ውሃ ወደ ድስቱ ሲወርድ ጉንቮር የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ልብስ ልታጥብ እንዳልመጣች ያስታውቃል፤ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ፎጣ ብቻ ነበር። ለሹር እጇን ሰጠች፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለች፣ ከዚያ የማጽናኛ ቃል ሲያልቅባት ወደ መብራት ዋጋ ገባች። «በዚህ የመብራት ዋጋ ይሄን የሚያህል ድስት ማፍላት የጀግና ሥራ ነው። እኔ ቡና ለማፍላት እንኳ ባሌን አስፈቅጄ ነው።» ዳግኒ ፈገግ አለች፤ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ጉንቮር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ሹር፣ ያኔ ላይቭን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ ግን ያፈረው በኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ጮኾ አያውቅም። ዛሬ ፎቁ ሁሉ ተነጋግረናል። እርሾውን ሲጨምሩ ይጩኹ። የፈለጉትን ያህል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ እንዳላቸውም ለመደበቅ አልሞከሩም። «እጮኻለሁ» አሉ። «ልጄ አንድ ቀን እንኳ ደንበኛ ጩኸት ይድረሰው።»

ድስቱ ፈላ። በሹር አገር ሰዎች አጠማመቅ መፍላቱ ረጅም ነው፤ ከቀትር አልፎ ወደ ማታ ጥግ ይሄዳል። ሁለቱ በልብስ ማጠቢያዎቹ ላይ ሰሃን ዘርግተው ቡናማ አይብ በዳቦ በሉ። ሹር ስለ በጎቻቸው አነሱ፣ ጎረቤታቸው አጥሩን ሳይጠግን ክረምቱ እንደመጣበት አወሩ። ዳግኒ «እህ» ትላለች። ስለ ላይቭ ማንም ቃል አልተነፈሰም። እሱ በመካከላቸው ቢቀመጥ ኖሮ እንኳ ከዚህ የበለጠ ቦታ አይይዝም ነበር። ሰሃኑን ካነሳች በኋላ ወደ በርሜሉ ተመለሰች፤ የቀረቻት ቧንቧዋ ብቻ ነበረች። ከበርሜሉ ነቀለቻትና በብሩሽ ከላይ ከላይ ካጠበቻት በኋላ ከሥሯ ያለችውን ትንሽ ብሎን ታየው ጀመር።

«እሷን አትንኪ» አሉ ሹር።

«ላጥባት ነው።»

«ከላይ እጠቢያት። የጥድ ውሃም አሳልፊባት። አትፈታም ግን። አባቴ አልፈታትም፣ እኔ አልፈታኋትም። የቤቱ ጣዕም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ላይቭ ወደ ከተማ ሲወርድ የሰጠሁት ይሄንኑ ነግሬ ነው።»

«ነግረውታል» አለች ዳግኒ። «እሱም አልፈታትም።»

ይህን ያለችው ምንም አስባ አልነበረም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። በርሜል ተለውጧል፣ ቱቦ ተለውጧል፣ ማማሰያ ተለውጧል፤ ከበርሜል ወደ በርሜል የተዛወረችው ቧንቧዋ ብቻ ናት። ዳግኒ ብድግ አላለችም፣ ድምፅዋንም አላነሳችም። ቧንቧዋን በመዳፏ እንደያዘች ጠየቀች።

«አባባ፣ እናንተ ቤት ይቺ የምትገጠመው የት ላይ ነበር?»

«ብቅሉ የሚነከርበት ገንዳ ላይ ነዋ። ሌላ የት ትገጠማለች? ጣፋጩ ውሃ የሚወርደው በሷ ነው።»

«በሷ ወርዶስ?»

«ድስት ይገባል። ይፈላል። ይኸው አሁን ስንት ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ እያየሽው።»

«ስለዚህ በሷ ያለፈው ሁሉ በኋላ እሳት ያገኘዋል።»

«እንዴታ።»

«ላይቭ የገጠማት እዚህ ነው» አለች፣ ነጩን በርሜል እያሳየች። «ከፈላ በኋላ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቀመጥበት ላይ። ከዚህ በኋላ ጀርሙን የሚገድል እሳት አያገኘውም።»

ሹር በርሜሉን አዩት፣ ድስቱን አዩት፣ ተመልሰው በርሜሉን አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠመቁ ሰው ናቸው፣ ነገሩን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «እዚህ?» አሉ። «ምን ሆኖ ነው እዚህ የገጠማት?»

«እንግዳ ሲመጣ ‹የሚቀዳልህ ከአባቴ ቧንቧ ነው› ለማለት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «መፍቻ አምጪ።»

መፍቻው በላይቭ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሹር ቧንቧዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብሎኗን ታገሏት፤ ስንት ዘመን ያልተነካች ናትና አልለቅ አለች፣ በመጨረሻ ሲጢጥ ብላ ዞረች። መሃሏ ላይ ያለውን መክፈቻ ነሐስ ጎትተው ሲያወጡት አብሮት ግራጫ ነገር ተዝለግልጎ ወጣ፤ ዝቃጭ የኩሬ ዳር ድንጋይን እንደሚያለብስ ውስጧን ዙሪያውን አልብሷታል። ሽታው ወዲያው ደረሰ። ኮምጣጤ ነው፣ ከኮምጣጤ ጋር ደግሞ የሆነ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ። ሹር ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ደግመው አስጠጉት። ዳግኒ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን የገና ቀን ማዕዱ ላይ እሷም ነበረች፣ ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ሽታ ይኸው ነው።

ይህን ቀን ስትመኘው የኖረች ይመስላት ነበር። አባቱ አንድ ቀን ስህተታቸውን ሲያዩ ልቧ የሚያርፍ፣ ምናልባትም ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። አሁን ግን የተሰማት ሐዘን ብቻ ነው፣ ከማክሰኞው ሐዘን ላይ የተጨመረ ሌላ ሐዘን። ወደ ላይ ሮጣ «ላይቭ፣ ና ተመልከት፣ አንተ አይደለህም» ልትለው እግሯ ተነስቶ ነበር፤ ላይ ቤታቸው ውስጥ ማንም እንደሌለ የታወሳት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልኩ ጮኸ። በልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጦ የነበረው የሹር ስልክ ነው፣ ብሪታ ናት። ዳግኒ አንስታ «ቆዪኝ፣ እትዬ» አለችና ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው አላዩአትም። ሁለት መዳፋቸውን ገልብጠው፣ በጣታቸው ሁሉ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ዝልግልግ ነገር እያዩ ነበር።

«እጄ ቆሻሻ ነው በያት» አሉ።

ዳግኒ ለብሪታ ኋላ እንደሚደውሉ ነግራ ዘጋችው። ሹር የተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀመጡ። ድስቱ ይንተከተካል፣ ከላይ በጠባቡ መስኮት የመንገደኛ እግርና ዣንጥላ ያልፋል። እሳቸው ያደጉት «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚባልበት ቤት ነው፤ አንዴ ያሉትን ሲያጥፉ ሰው አይቷቸው አያውቅም። እነሆ ያሉት አልጠፋም፣ የወለዱት ጠፋ።

«ብዙ አጠበ?» አሉ።

«እጁ እስኪሰነጠቅ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ ይንገርዎት? እሱም አላወቀም፣ አባባ። የሚጠረጥረው የራሱን እጅ ነበር። የከተማ እጅ ያሉትን እስከ መጨረሻው አልረሳውም። አንድ ማታ ራት ላይ፣ ‹ምናልባት እኔ ላይ የሆነ ነገር አለ› ብሎኛል።»

ሽማግሌው ተነሱ፣ ወደ ገንዳው ሄደው ቧንቧዋን በብሩሽ ይፈትጓት ጀመር። ውስጧን፣ ውጭዋን፣ የብሎኗን ጥርስ ሳይቀር በክር እየፋቁ። ነሐሷ አዲስ ወርቅ እስክትመስል ቢያጸዷትም መልሰው አልገጠሟትም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቷት። «ማዕዱ ላይ አስቀምጣታለሁ» አሉ። «ቢራው ሲቀዳ ሰው ሁሉ ያያታል። ምን እንደሆነች እኔ ነኝ የምናገረው። ለብሪታም፣ ለሳቁትም።» ከዚያ ወደ ዳግኒ ዞሩ። «ሌላ በርሜል አለሽ?»

ነበራት። መጋዘኑ ጥግ፣ ላይቭ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት የገዛው፣ ሥሩ ያልተበሳ፣ የሱቁ ወረቀት ያልተላጠለት በርሜል። አወረደችው። ሹር እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው አጠገቧ ቆሙ፣ ደፋ አሉና በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቁ፣ «እሱ እንዴት ነበር የሚያደርገው? እንደ እሱ አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። መጀመሪያ በሳሙና፤ ጥግ ጥጉን፣ የክዳኑን ቦይ። ከዚያ በቀጠነ በረኪና። ከዚያ ደጋግሞ በፈላ ውሃ። ቱቦው ውስጡም ውሃ ሊያልፍበት ይገባል። ወለል የነካ ነገር ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ክዳን ሲከፈት አይወራበትም፣ አይተነፈስበትም። እሳቸው የታዘዙትን ሁሉ አደረጉ፤ ማማሰያው አንድ ጊዜ ከእጃቸው ወድቆ ወለል ሲነካ ዳግኒ ዝም ብትላቸውም እሳቸው ራሳቸው ወስደው እንደ አዲስ ከሳሙናው ጀመሩ። በረኪናው የቆዳቸውን ስንጥቅ ገብቶ ሲያቃጥላቸው ታየዋለች፤ ጓንት ዘረጋችላቸው። «እሱ ያደርግ ነበር?» አሉ። አያደርግም ነበር፣ ስለዚህ እሳቸውም አላደረጉም።

ድስቱን አጥፍተው ዙሪያውን በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ፎጣ እየቀያየሩ ጠቀለሉት፣ ቀዝቀዝ ሲልም በታጠበው ቱቦ ወደ አዲሱ በርሜል አወረዱት። የቤታቸው እርሾ ሙቀት ይወዳል፤ የሰው ገላ ያህል ሲሞቅ ነው የሚጨመርበት። ሹር እንደ ልማዳቸው ሊለኩት ክርናቸውን ወደ በርሜሉ ሰደዱ፣ ውሃውን ሳይነኩ ቀጥ አሉ። ክንዳቸውን መልሰው «በምን ነበር የሚለካው?» አሉ። ዳግኒ በፈላ ውሃ የተለቀለቀውን ቴርሞሜትር አቀበለቻቸው። አነበበችላቸው፣ መነጽራቸውን ከላይ ትተውት ነበርና። ሙቀቱ ልክ ነበር። ጠዋት በጣፋጩ ውሃ የቀሰቀሱት እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ አውጥቶ አፉ ድረስ ደርሷል።

የፎቁ ሰው ሰዓቱን እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ላይ የሆነ ቦታ ሲያጓራ የነበረ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ቆመ፣ የሬዲዮ ድምፅ ጠፋ። በደረጃው ላይ እግር ተሰማ፣ ከዚያ አልተሰማም፤ ቆመው የሚጠብቁ መሆናቸው ያስታውቃል። ሹር ጠርሙሱን አነሱ። ደረታቸው ተነፋ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ዳግኒ ጩኸቱን ለመቀበል ዓይኗን ጨፈነች።

የሰማችው የውሃ ድምፅ ነው፣ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል። ዓይኗን ስትገልጥ ሽማግሌው ጠርሙሱን ጨርሰው ያንጠባጥቡ ነበር፣ ከንፈራቸው ተገጥሟል፣ እንባቸው በአፍንጫቸው ጎን ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ራሳቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገዋል። ክዳኑን አነሱ፣ በቦታው በቀስታ ገጠሙት፣ በሁለት እጃቸው ዙሪያውን ተጫኑት። ያን ጊዜ ዳግኒ ምን እንዳደረጉ ገባት። ይህ ቢራ ሳይጮኽበት ከተዋጣ፣ «ድዳ የጠመቀው» የምትለዋ ቃል ወደ ተናገሯት ወደ ሹር ትመለሳለች። ያውም በልጃቸው የመቃብር ማዕድ፣ ዘመድ ሁሉ ብርጭቆ ይዞ። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ጩኸት እርሾ ጨምረው የማያውቁት ሰው ዛሬ ይህን አውቀው አደረጉ። ጎንበስ ብላ የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ያዘችው፤ እሳቸውም አልነጠቋትም።

በሩ ገርበብ አለና የጉንቮር ራስ ብቅ አለ። ከኋላዋ ደረጃው ላይ ሌሎችም አሉ።

«አልጮኹም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ሁላችንም እየጠበቅን ነበርኮ።»

«ልጄ ሳይጮኽ ነው የሚጠምቀው» አሉ ሹር።